የአትላባራ ምሳ በየት በኩል መጣ?

አትላባራ በጁባ መሐል ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ በጁባ ዓረብኛ «ወደ ውጭ ውጣ» እንደ ማለት ሲሆን፣ የደቡብ ሱዳንን የእግር ኳስ ሻምፒዮና ያነሳው ቡድንም በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ሰፈርና በመሐል ከተማው ሌሎች ሰፈሮች በምሳ ሰዓት የሚሸጠውን ምግብ ከየት መጣህ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የቀጣናው ካርታ ይዘረጋለታል። ፉሉና ጣሚያ የሚሉት የጥራጥሬ ጥብስ የሰሜን ሱዳን ነው። ቻፓቲው፣ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄው የኡጋንዳና የኬንያ ነው። እንጀራው፣ ጥብሱና ሽሮው የእኛ ነው። ከሁሉም ጎን ኪስራ አለ፤ ከቦካ የማሽላ ሊጥ በጋለ ብረት ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚጋገር፣ ሙላህ ከሚባለው ወጥ ጋር የከተማዋ ሴቶች የሚያቀርቡት ቂጣ ነው። ስለ ጁባ ለአማርኛ አንባቢ የሚደርሰው ወሬ ደግሞ ቁርጥራጭ ነው፦ ሆቴል ልትሠራ የሄደች የጎረቤት ልጅ፣ የውኃ ቦቴ የሚነዳ ዘመድ፣ በ2016 በቴሌቪዥን የታየው ተኩስ፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ የሰላም ስምምነት። እነዚህን የሚያያይዝ ክር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ክሩ መንገድ ነው። በጁባ ከቤት ውጭ የሚበላውን የወሰነው ከሰው ምላስ ይልቅ በየዘመኑ ክፍት የነበረው መንገድ ነው። መንገዱ ሲከፈት እህሉ ከነአብሳዩ ይመጣል፤ ሲዘጋ አብሳዩ ምጣዱን ጥሎ ይሄዳል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1955፦ መርከቡ የሚቆምበት ቦታ

ጁባ የተወለደችው ነጭ ዓባይ ለመርከብ እምቢ ከሚልበት ቦታ አጠገብ ነው። ከኮስቲ ተነስቶ 1,436 ኪሎ ሜትር በሱድ ረግረግ መካከል ሽቅብ የሚመጣውን የእንፋሎት መርከብ ከጁባ ጥቂት ከፍ ሲል ዐለትና ፏፏቴ ያግደዋል። ወደ ኡጋንዳ ወይም ወደ ቤልጂግ ኮንጎ የሚያልፍ ሰውም ጭነትም እዚያ ወርዶ በመኪና መቀጠል ነበረበት። እንግሊዞች የአስተዳደር መቀመጫቸውን ከሞንጋላ ወደዚህ ሲያዛውሩ ከተማዋ የማውረጃና የመጫኛ ከተማ ሆና ቆመች። ጭነት በሚራገፍበት ቦታ ሁሉ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ መርከበኛው፣ ተሸካሚው፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ከቤቱ የራቀ ነው፤ ከቤቱ የራቀ ሰው ደግሞ ምግብ ይገዛል። በዙሪያው የነበረው የባሪ ሕዝብ ማሽላውም ከብቱም ነበረው። የከተማው ሱቅና ሆቴል ግን በሌላ እጅ ገባ።

የማን እጅ እንደሆነ የወሰነው ወረቀት ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1922 ባወጣው የይለፍና የፈቃድ ሕግ ደቡቡን የተዘጋ ወረዳ አድርጎ «ጀላባ» የሚባሉት የሰሜን ነጋዴዎች እንደልብ እንዳይገቡ ከለከለ። በእነርሱ ፋንታ ለመንግሥትና ለጦሩ ስንቅ የሚያቀርቡ ግሪኮች፣ ከእነርሱም ጋር ጥቂት ሶርያውያን ክርስቲያኖች ገቡ። የመሐል ጁባን የድሮ የድንጋይ ሕንፃዎች ብዙዎቹን የሠሩት ግሪኮች ናቸው፤ የግሪክ ሰፈር ይሉት የነበረው አካባቢ ዛሬ ሃይ ጀላባ ይባላል። አንዱ ነጋዴ ሲወጣ ሌላው ቤቱን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ስምም እንደሚወርስ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። በ1930ዎቹ የኢምፔሪያል ኤርዌይስ አውሮፕላኖች ከካይሮ ወደ ደቡብ ሲበርሩ ጁባ ላይ ያርፉ ስለነበር ጁባ ሆቴል ለአውሮፓውያን መንገደኞች የሚሆን ማዕድ አዘጋጀ። በሌላው ጫፍ፣ ከጦር የተሰናበቱና ለሥራ የመጡ አፍሪቃውያን በሰፈሩበት በማላኪያ ያለው ሸማች ኪስራና ከማሽላ የሚጠመቀውን መሪሳ ከሴቶች እጅ ይገዛ ነበር።

ይህ የቅኝ ገዢ ፖሊሲ ነው እንጂ የመንገድ ጉዳይ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የይለፍ ወረቀት ምንድን ነው? በመንገድ ላይ የቆመ በር ነው። ወንዙ ለሁሉም እኩል ይፈስስ ነበር፤ በወንዙ ላይ ማን ሸቀጥ ጭኖ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ፈቃዱ ነበር። ስለዚህ «መንገድ» ስል አስፋልትና ውኃ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ቪዛውን፣ ኬላውን፣ የምንዛሪ ተመኑንና ፈንጂውንም ጨምሬ ነው።

ከ1956 እስከ 1983፦ ፉል በወንዝ መጣ

የእንግሊዝ አስተዳደር ደቡቡን የመዝጋት ፖሊሲውን በ1946 ተወ፤ ሱዳን በጥር 1956 ነጻ ስትወጣ የፈቃዱ በር ከቅኝ ገዢው ጋር ጨርሶ ሄደ። የሰሜን ነጋዴዎች ድሮ በታገዱበት በዚያው ወንዝ ሽቅብ መጡ፤ ምግባቸውም አብሯቸው መጣ። ፉል ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል። ደረቅ ባቄላ ነው፤ በመርከብ ላይ ሳምንታት ቢቆይ አይበላሽም፤ ሌሊቱን በከሰል ላይ ሲንተከተክ አድሮ ጠዋት ለመቶ ሰው ይደርሳል፤ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርትና ከሙን ይበቃዋል። አብሮት የሚበላው የስንዴ ዳቦም፣ ሻዩም፣ ስኳሩም ከሰሜን የሚመጣ ሸቀጥ ነው። ማሽላ አብቃይ በሆነ አካባቢ መሐል ላይ ያለች ከተማ ቁርሷን በስንዴ ዳቦ መብላት መጀመሯ በጣዕም ብቻ የሚገለጽ ነገር አይደለም። ዳቦውን የሚጋግረው ሰው ዱቄቱን የሚያመጣው ነጋዴ ዘመድ ስለሆነ ነው።

በዚያ ዘመን ግን የሚበላ ሰው ራሱ አስተማማኝ አልነበረም። የቶሪት ወታደሮች ከነጻነት በፊት፣ በነሐሴ 1955፣ ካመፁ በኋላ አንደኛው የእርስ በርስ ጦርነት ተቀጣጠለ፤ በሐምሌ 1965 ደግሞ የመንግሥት ጦር ጁባ ውስጥ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጭፍጨፋ ፈጸመ፤ የተረፈው ብዙ ሰው ወደ ጫካና ወደ ኡጋንዳ ሸሸ። በ1970 የሱዳኑ መሪ የኒሜሪ መንግሥት የውጭ ዜጎችን ንግድ ሲወርስ የግሪኮቹም ዘመን አበቃ። ሜዳው ለጀላባው ብቻ ቀረ።

ከተማዋ እንደገና የተነሳችው አዲስ አበባ በተፈረመ ወረቀት ነው። በ1972 በአፄ ኃይለ ሥላሴ አሸማጋይነት የተደረሰው ስምምነት ለደቡቡ ራስ ገዝ አስተዳደር ሰጠ፤ መቀመጫውም ጁባ ሆነ። ሚኒስቴር ሲከፈት ጸሐፊ ይመጣል፤ በ1975 የጁባ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ተማሪ ይመጣል፤ ከኡጋንዳ ስደተኛው ይመለሳል። በነጻነት ማግስት ከ10,000 ብዙም የማይበልጥ ሰው የነበራት ከተማ በ1983 ቆጠራ ወደ 84,000 ደረሰች። በነጭ ዓባይ ላይ ድልድይ ተሠርቶ የደቡቡ መንገድ መከፈት ጀመረ፤ ከ1979 ወዲህ ደግሞ ኢዲ አሚን ሲወድቅ የሸሹ ኡጋንዳውያን ወደ ደቡብ ሱዳን ጎረፉ። ወደ ደቡብ የሚያመራው መንገድ ጁባን በምግቡ የሚገዛበት ዘመን የደረሰ መስሎ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዘገየ።

ከ1983 እስከ 2005፦ የተከበበች ከተማና ሁለት ስደቶች

በግንቦት 1983 ቦር ላይ ወታደሮች አመፁ፤ በመስከረም ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጀ፤ ሁለተኛው ጦርነት ተጀመረ። ጁባ የመንግሥት ጦር ሰፈር ሆና ስትቀር ዙሪያዋን የሕዝብ ነጻ አውጪው ጦር፣ ኤስ ፒ ኤል ኤ፣ ያዘው። ወደ ኡጋንዳና ወደ ኬንያ የሚወስደው መንገድ በፈንጂ ተዘራ። ከሰሜን የሚመጣው ጀልባ በጦር ታጅቦ፣ ወራት ጠብቆ የሚመጣ ሆነ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የረድኤት ድርጅቶች እህል በአውሮፕላን ማጓጓዝ ያዙ። በ1992 ኤስ ፒ ኤል ኤ ከተማዋን ሊይዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ።

ለክርክሬ ከዚህ ዘመን የበለጠ ማስረጃ የለኝም። መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ከቤት ውጭ የሚበላ ምግብ ወደ ሁለት ነገር ጠበበ፦ ከሰል ላይ ወደ ተጣደ ሻይ እና በእርዳታ ማሽላ ወደ ተጋገረ ኪስራ። ሁለቱንም የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከገጠር ተፈናቅለው የገቡ፣ ባላቸው የሞተ ወይም ጫካ የገባ። እነዚህ ሴቶች ከግሪኮቹም ከጀላባውም ዘመን ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ በኋላም ይኖራሉ። «ጁባ የራሷ የምግብ ባህል የላትም፣ የምትበላው የሰው ነው» የሚለው በእንግዶች ዘንድ የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ይሰናከላል። ባህሉ አለ። ሳይታይ የቀረው ሱቅ ስላልነበረው፣ ምልክትና ወንበር ስላልነበረው ነው። እንግዳ ደግሞ የሚያየው ወንበር ያለበትን ነው።

ከተማዋ በተከበበችበት ጊዜ ለኋላው ታሪክ ወሳኝ የሆኑ ሁለት ነገሮች ከጁባ ውጭ ይፈጸሙ ነበር። አንደኛው በምሥራቅ ነው። ኤስ ፒ ኤል ኤ ደርግ እስከ ወደቀበት እስከ ግንቦት 1991 ድረስ ዋና መደገፊያው ኢትዮጵያ ነበረች፤ በጋምቤላና በአካባቢው ኢታንግ፣ ፒኝዶና ዲማ በመሳሰሉ ሰፈሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ደቡብ ሱዳናዊ ስደተኛ ኖሯል። የጦር አዛዡም፣ ተማሪው ልጅም አማርኛ ሰማ፣ እንጀራ በላ። ሁለተኛው በሰሜን ነው። ከቀይ ሽብርና ከኤርትራ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ካርቱም ገብተው ሻይ በማፍላት፣ ቡና በማቅረብና ሱዳኖች «ዝግኒ» የሚሉትን ወጥ በመሸጥ ይኖሩ ነበር። ዓረብኛ ተማሩ፣ የሱዳንን ፈቃድ አወጣጥና የሱዳንን ፖሊስ ጠባይ አወቁ። እነዚህ ሁለት ወገኖች፣ እንጀራ የለመደው ደቡብ ሱዳናዊና ዓረብኛ የለመደው ሐበሻ፣ የሚገናኙበት ከተማ ገና ዝግ ነበረች።

ከ2005 እስከ 2011፦ ድንኳን፣ ኮንቴይነርና እንጀራ

በጥር 2005 ናይሮቢ ላይ አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ሲፈረም በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው፣ ምንም ወዳልነበረባት ከተማ ገባ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ፣ የረድኤት ድርጅቶች፣ ተቋራጮች፣ ከጫካና ከስደት የተመለሱ መኮንኖች ሁሉም ማደሪያና ምግብ ፈለጉ። አስፋልቱ ጥቂት ነበር፤ መብራት በጀነሬተር፣ ውኃ ከዓባይ በቦቴ ይመጣ ነበር። በወንዙ ዳር በተተከሉ ድንኳኖች አንድ ሌሊት ለማደር ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅ የነበረው በዚህ ጊዜ ነው። ያን ያህል የሚከፍል፣ ግን ወጥ ቤት የሌለው ሰው በሺዎች ሲቆጠር የምግብ ቤት ገበያ በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጠረ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተጠቀመበት የደቡቡ መንገድ ነው። ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር ፈንጂው እየተለቀመ ሲከፈት ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የበቆሎ ዱቄት፣ የታሸገ ውኃና ቢራ በጭነት መኪና ገባ። ከጭነቱ ጋር አብሳዮቹ ገቡ። ቻፓቲ ጋጋሪው ልጅ ጠረጴዛ፣ ምጣድና ከሰል ብቻ ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል፤ እንቁላል ጠብሶ በቻፓቲ ሲጠቀልለው ኡጋንዳውያን «ሮሌክስ» የሚሉት ነገር ይሆናል፤ ሾፌርና ግንበኛ በእጁ ይዞ እየሄደ ይበላዋል። ጀላባው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን የቁርሱ ብቸኛ ባለቤትነት ከእጁ ወጣ።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የገቡበት በር ግን ቀጥተኛ አልነበረም፤ ይህ ነው ክርክሬን የሚፈትነው። ከጋምቤላ እስከ ጁባ ጭነት መኪና በአስተማማኝ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ታዲያ መንገድ ወሳኝ ከሆነ ሐበሻ በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ላይ እንዴት ከፊት ረድፍ ተገኘ? መልሱ ያለው በምግቡ ጠባይ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሊያጣው የማይችለው ነገር በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመምና ቡና ነው፤ ሁሉም ደረቅ፣ ክብደቱ ጥቂት፣ ዋጋው ብዙ ነው፤ በአውሮፕላን ሻንጣ ይሄዳል። ሥጋውን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ደግሞ የጁባ ገበያ ከኡጋንዳው መኪና ያቀርብለታል። በሁለት መንገድ የሚኖር ወጥ ቤት ነው፤ ቅመሙ በአየር፣ ሆዱ የሚሞላው በኒሙሌ። የሚያስቸግረው እንጀራው ነበር። ኢትዮጵያ ከ2006 ጀምሮ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ስለነበር በሕጋዊ መንገድ መላክ የሚቻለው የተጋገረ እንጀራ ነበር። ማሽላ ግን በአገሩ አለ፤ ከጋምቤላ እስከ ወሎ ማሽላን በማቡካት የኖረ ሰው ደግሞ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም።

ሰዎቹ ራሳቸው ከሦስት አቅጣጫ መጡ፦ ከካርቱም፣ ከካምፓላና ከአዲስ አበባ። የካርቱሞቹ ዓረብኛውን ይዘው መጡ። ሰሜኑ በሸሪዓ ሕግ ሥር ሲቀር ደቡቡ ከሕጉ ነጻ ስለሆነ ካርቱም ላይ ተደብቆ የሚሸጠው ቢራ ጁባ ላይ በግላጭ ይቀርባል። የባንክ ብድር በማይታሰብበት ቦታ ዕቁብ ካፒታል ሆነ፤ አንዱ ዕጣ ሲደርሰው ኮንቴይነር ይገዛል፣ ሌላው ጀነሬተር፣ ሌላው የውኃ ቦቴ። አንድ ምግብ ቤት ውኃውን ከወገኑ ቦቴ ይገዛል፣ ባለ ቦቴው ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ማታ ዶላር መንዛሪው ይመጣል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነጻነት ከመታወጁ በፊት ጁባ ላይ ቅርንጫፍ መክፈቱ ይህ ሰንሰለት ምን ያህል ርቆ እንደነበር ይመሰክራል። በሰንሰለቱ ውስጥ የአገሬው ድርሻም ነበር፤ መሬቱ የደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ባለ ቦታው ኪራዩን በዶላር ይቀበላል።

ለሐበሻ ምግብ መስፋፋት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፦ ከኢትዮጵያ የተመለሱት መኮንኖች እንጀራ ናፍቀው ነበር ይባላል። እውነት አለበት። አንድ ሰው የወጣትነቱን ዓመታት ኢታንግ አሳልፎ ጥብስ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ከባለቤቱ ጋር በአማርኛ መቀለዱም ዋጋ አለው፤ ፖሊስ ሲያስቸግር እንዲህ ያለ ደንበኛ መኖሩ ደግሞ ከዋጋም በላይ ነው። ነገር ግን ናፍቆት የመጀመሪያዋን ጠረጴዛ እንጂ ሃምሳኛዋን አይሞላም። አብዛኛው ተመጋቢ ኢታንግን የማያውቅ ኬንያዊ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኡጋንዳዊ ግንበኛ፣ የረድኤት ሠራተኛና ወጣት የመንግሥት ተቀጣሪ ነበር። እነዚያው መኮንኖች በኬንያና በኡጋንዳም ብዙ ዓመት ኖረዋል። ምላስ ረድቷል ከተባለ የረዳው በሌላ በኩል ነው፤ ኪስራ ለለመደ ሰው ሆምጠጥ ያለ፣ ለወጥ የሚቆረስ ቂጣ እንግዳ አይሆንበትም። የቡና ዕቃውም ስም ያው ነው፤ የሱዳን ዓረብኛም «ጀበና» ነው የሚለው።

በዚህ ሁሉ መሐል ሻይ ሻጮቹ ሴቶች በዛፍ ጥላ ሥር ቀጥለዋል፤ አጭር በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ዝንጅብል ያለበት ቡና፣ ከርከዴ። የገንዘቡ ጎርፍ ለእነርሱ የደረሰው በጠብታ ነው። ከ2009 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር «ሕገ ወጥ» ያላቸውን ግንባታዎችና የመንገድ ዳር መደብሮች በስፋት ሲያፈርስ መጀመሪያ የሚነሳው ውል የሌለው ነው፤ ውል ያለው ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ሳብሚለር በጁባ የቢራ ፋብሪካ ከፍቶ «ዋይት ቡል» የተባለውን ቢራ ማቅረብ ጀመረ። ከተማዋ ራሷ የምታመርተው ነገር በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ለብዙዎች ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከ2011 እስከ 2016፦ መንገዱ ሲጠረግ ኪሱ ተራቆተ

ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ወጣች። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2012፣ ከካርቱም ጋር በቧንቧ ኪራይ ተጣልታ ነዳጅ ማምረቷን አቆመች፤ ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ከዚያ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም በአሜሪካ እርዳታ የተሠራው የኒሙሌ አስፋልት ተጠናቀቀ። እህል ማምጣት ከመቼውም በቀለለበት ወቅት የሚገዛበት ገንዘብ መንጠፍ ጀመረ። ነዳጁ በ2013 ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 15 ምሽት ግን ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች።

በመስከረም 2014 የሥራ ሚኒስቴር ባወጣው ሰርኩላር ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና የረድኤት ድርጅቶች በተዘረዘሩ የሥራ መደቦች ላይ ያሉ የውጭ ዜጎችን እስከ ጥቅምት አጋማሽ አሰናብተው በአገሬው ሰው እንዲተኩ አዘዘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት ትእዛዙን አለዘበው፤ የውጭ ሰዎች ይባረሩ ማለታችን አይደለም አለ። የአትላባራን ስም ትርጉም የሚያውቅ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም፤ ከአንድ ጁባዊ ወጣት አንጻር ሲታይ ፍትሕ አለው። አስተናጋጁ ከኬንያ፣ ወጥ ሠሪዋ ከኢትዮጵያ፣ ሥራ አስኪያጁ ከኤርትራ፣ እርሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ መኪና ጠባቂ ነው። ብዙ ምግብ ቤቶች አስተናጋጅ ሳይቀር ከአገራቸው ያስመጡ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የትእዛዙ ድክመት ምክንያቱን የገለበጠ መሆኑ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተከብቦ በኖረ ከተማ ሙያ የሚያስተምር ሆቴልም፣ ካፒታል የሚጠራቀምበት ንግድም አልነበረም፤ የውጭ ሰው የያዘው ባዶ የተገኘውን ቦታ ነው። ያ ቦታ በአንድ ወር ሰርኩላር የሚሞላ ቢሆን ኖሮ ወትሮውንም ባዶ ሆኖ አይገኝም ነበር። ሻይና ኪስራ የሚሸጡትን ሴቶች ቦታና ብድር ሰጥቶ ወደ ምግብ ቤትነት ማሳደግ ከማባረሩ የቀረበ መንገድ ነበር፤ ነገር ግን እነርሱ በዚያ ዘመን ከጎዳና የሚነሱ እንጂ የሚደገፉ አልነበሩም።

የውጭውን ምግብ ቤት የጎዳው በመጨረሻ ሰርኩላሩ ሳይሆን ገንዘቡ ነው። በታኅሣሥ 2015 መንግሥት የምንዛሪ ተመኑን ሲለቅ አንድ ዶላር ከ2.96 ፓውንድ በአንድ ቀን ወደ 18.5 ወጣ። ምግብ ቤት የሚሸጠው በፓውንድ ነው፤ የሚገዛው ግን በዶላር ነው፤ ቲማቲሙ ከኡጋንዳ፣ ናፍጣው ከውጭ፣ ኪራዩ በዶላር። ዛሬ የሸጠው ሳህን ለነገ የሚሆነውን ሳህን አይተካም። ዋጋ በየሳምንቱ ይሰረዛል፣ ሥጋው በሳህኑ ላይ ይቀንሳል፣ ወደ አገር ቤት የሚላከው ዶላር ይጠፋል። የዋይት ቡል ፋብሪካ የውጭ ምንዛሪ አጥቶ እንደሚዘጋ በ2016 መጀመሪያ አስታወቀ፤ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣ የነበረ «የአገር ውስጥ» ምርትም የመንገዱ እስረኛ ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ በሳልቫ ኪርና በምክትላቸው በሪክ ማቻር ወታደሮች መካከል ለአራት ቀናት በተደረገው ውጊያ የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ተዘረፈ፤ ከዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ከ4,500 ቶን በላይ ምግብ ተወሰደ። ኡጋንዳ ጦሯን በኒሙሌ መንገድ ልካ ዜጎቿን አስወጣች። ቲማቲሙና ቻፓቲ ጋጋሪው በመጡበት መንገድ ተመልሰው ሄዱ። በጥቅምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ835 በመቶ አለፈ።

ከ2017 እስከ 2025፦ ሰሜኑ በር ተመልሶ ተከፈተ

በመስከረም 2018 ተፋላሚዎቹ እንደገና አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ፤ ከተማዋ ቀስ በቀስ ተነፈሰች። በ2019 መጨረሻ ኤዝራ የተባለው፣ ባለቤቱ ኤርትራዊ የሆነው ኩባንያ ከናፍጣ የሚያመነጨውን መብራት በከተማው መስመር ማሰራጨት ሲጀምር የአንዳንዱ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ በጀነሬተር ብቻ ከመኖር ወጣ። በ2022 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የፍሪደም ድልድይ ከኒሙሌ የሚመጣውን ጭነት ለማሳለፍ ከድሮው ጠባብ ድልድይ በተጨማሪ ተከፈተ። የሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ሌሎች አዲስ መጡ።

ታሪኩ ግን በደቡቡ መንገድ ድል አልተደመደመም። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ለሰባ ዓመት ያህል ወደ ጁባ ነጋዴ ስትልክ የኖረች ከተማ ሰዎቿን ሁሉ መላክ ጀመረች። በአብዛኛው በሬንክ ድንበር ከአንድ ሚሊዮን የሚልቅ ሰው ወደ ደቡብ ሱዳን ገባ፤ አብዛኛው ተመላሽ ደቡብ ሱዳናዊ ሲሆን ሱዳናውያን ስደተኞችም ብዙ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ከተማ የለመደው ሰው ጁባ ደረሰ፤ ፉል ቤትና ዳቦ ቤት ከፈተ። በካርቱም ይሠሩ የነበሩ ሐበሾችም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደው የመጡ አሉ። በየካቲት 2024 የነዳጅ ቧንቧው ሱዳን ውስጥ ሲፈነዳ ፓውንዱ ዳግም ተንኮታኮተ፤ ርካሽ የሆነው የፉል ሳህን በዚህ ጊዜ ሸማች አላጣም።

በጥር 2025 የሱዳን ጦር የዋድ መዳኒን ከተማ መልሶ ሲይዝ በዚያ የነበሩ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳይ ምስል በስልክ ተሰራጨ። የጁባ ወጣቶች በቁጣ በሱዳናውያን ሱቆች ላይ ወረዱ፤ ሰው ተገደለ፣ ንብረት ተዘረፈ፣ መንግሥት ሰዓት እላፊ አወጀ፣ ብዙ ሱዳናውያንም ለደኅንነታቸው ወደ ወታደር ግቢ ተወሰዱ። ዳቦ ቤቶቹ የእነርሱ ስለነበሩ ምድጃው ጠፋ። የሚገኘው ዳቦ ዋጋው ወዲያው ሰማይ ነካ። ዱቄት ጠፍቶ አልነበረም፤ ከተማዋ ያጣችው ጋጋሪዎቹን ነው።